ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ትንፋሹን ማን ይጠብቃል?

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልል ጤና ቢሮዎች፣ ለመንግሥትና ለግል ሆስፒታሎች የሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ሰመመን የተሰጣቸውን ታካሚዎች የአተነፋፈስ ክትትል ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። ታካሚውን አስተኛለሁ፣ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን እጠብቃለሁ፣ ሲያበቃም አነቃዋለሁ። ከሦስቱ ቀላሉ ማስተኛቱ ነው፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ከገባ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ቀሪዎቹ ሁለቱ ነው። በተለይ የሚያሳስበኝ በመጨረሻው ስፌትና በሙሉ ንቃት መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ባየኋቸው ብዙ ሆስፒታሎች ይህ ጊዜ ባለቤት የለውም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰመመን የወሰደ ሰው ሁሉ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በደንብ ነቅቶ ለተኝቶ መታከሚያ ክፍሉ ነርስ እስኪያስረክቡት ድረስ፣ ትንፋሹን የሚጠብቅለት በስም የታወቀ ሰው ይኑረው። መሣሪያውም፣ መመሪያውም፣ በጀቱም ከዚህ ቀጥለው የሚመጡ ናቸው።

ታካሚ በሰመመን ላይ ወይም ከዚያ በኋላ ሲሞት ለቤተሰብ የሚነገረው፣ በካርዱም ላይ የሚሰፍረው፣ ብዙ ጊዜ «ልቡ ቀጥ አለ» የሚል ነው። ቤተሰቡም «ቀኑ ደርሶ ነው» ብሎ፣ አልቅሶ፣ አስከሬኑን ይዞ ይሄዳል። ልቡ መቆሙ እውነት ነው፤ የማንም ሟች ልብ በመጨረሻ ይቆማል። መጠየቅ ያለበት ከልቡ በፊት የቆመው ምን እንደሆነ ነው። ለትርፍ አንጀት የገባ ጤነኛ ወጣት ልቡ እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይቆምም። በአብዛኛው መጀመሪያ ትንፋሹ ይሳሳል ወይም የአየር መንገዱ ይዘጋል። ቀጥሎ በደሙ ያለው ኦክስጅን እየጎደለ ይሄዳል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ከዚያ ይዘገያል፣ በመጨረሻ ይቆማል። አንጎል ያለ ኦክስጅን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገሥም። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ባለው ጊዜ የሠለጠነ ሰው አጠገቡ ቢኖር፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው አገጩን ቀና አድርጎ መያዝ፣ ኦክስጅን መስጠት፣ ካልበቃም በጭምብልና በአምቡ ባግ ማስተንፈስ ነው። «ልቡ ቀጥ አለ» ብለን ካርዱን ስንዘጋው ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ አብሮ ይቀበራል፤ የሚቀጥለው ታካሚም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ምክንያቱን በአጭሩ ላስረዳ። የሚያስተኙት መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ትንፋሽን የሚያዘውን ክፍልም አብረው ያደነዝዛሉ። ለሕመም የሚሰጡት ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ፌንታኒል ደግሞ ሰውየው ከነቃ በኋላም ሥራቸውን አያቆሙም። በኦፕሬሽን ጊዜ ሕመሙ ራሱ ታካሚውን እየቀሰቀሰ ያስተነፍሰው የነበረ ከሆነ፣ ቢላዋው ሲነሳና ክፍሉ ጸጥ ሲል መድኃኒቱ የበላይነት ይይዛል። ጡንቻ የሚያዝሉት እንደ ቬኩሮኒየም ያሉትም ሙሉ በሙሉ ሳይለቁ ሊቀሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ታካሚ ዓይኑን ይገልጣል፣ ስሙንም ሲጠሩት ይሰማል፤ ምላሱን ከጉሮሮው ላይ አንስቶ መያዝ ግን ያቅተዋል። «ወገቧ ላይ ብቻ ነው የተወጋችው» የምንላት እናትም ከዚህ ነፃ አይደለችም፤ ማደንዘዣው ከታሰበው በላይ ወደ ላይ ከወጣ የደረት ጡንቻዎቿን ያዝላል፣ የደም ግፊቷንም ይጥላል።

በሥራ ላይ የሚሆነውን በቅርብ ላሳያችሁ። ስፌቱ አልቋል፣ የመተንፈሻ ቱቦው ወጥቷል፣ ታካሚው በራሱ ይተነፍሳል፣ ሞኒተሩም የደሙን ኦክስጅን 98 በመቶ ያሳያል። ከዚያ የጣቱ መቆንጠጫ ይነቀላል፤ ሞኒተሩ የኦፕሬሽን ክፍሉ ንብረት ነውና ከበሩ አይወጣም። ኦክስጅኑም እዚያው ይቀራል። ታካሚው ስትሬቸር ላይ ሆኖ ኮሪደሩን፣ አንዳንዴም ግቢውን አቋርጦ ወደ ሌላ ሕንፃ ይገፋል። የሚገፋው ሠራተኛ ቅን ሰው ነው፤ መንኮራኩሩ ጉድጓድ እንዳይገባ ይጠነቀቃል፤ ትንፋሽ እንዲመለከት ግን ማንም አላስተማረውም። ከክፍሉ በር ላይ እህቱ ትጠብቃለች። ታካሚው ያንኮራፋል። «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደው» ትልና ጋቢውን ታለብሰዋለች።

ማንኮራፋቱ ግን እንቅልፍ አልነበረም፤ የዛለ ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ ማጥበቡ ነው። ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋቱ ይቆማል። እህቱ አሁን ይበልጥ ደስ ይላታል፤ ጋቢው ከሆዱ ላይ ከፍ ዝቅ ይላልና ይተነፍሳል ብላ ታምናለች። ጋቢውን ገልጦ ያየ ባለሙያ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው። ሆዱ ሲነሳ ደረቱ ይሰምጣል፤ ከደረት አጥንቱ በላይ ያለችው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ትሳባለች፤ አፉና አፍንጫው ላይ መዳፍ ቢዘረጋ የአየር ሙቀት አይሰማም። ይህ ሰው ለመተንፈስ እየታገለ ነው እንጂ እየተነፈሰ አይደለም። መንጋጋውን ከጆሮው ሥር በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት የሚገፋለት ሰው ቢኖር አየሩ ወዲያው ይገባል። እህቱ ይህን የማወቅ ግዴታ የለባትም። ግዴታው የእኛ ነው።

ይህ ጊዜ አደገኛ መሆኑ ከታወቀ ሰንብቷል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ሆስፒታሎች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ታካሚዎች ከኦፕሬሽን ወጥተው እስኪያገግሙ የሚቆዩበት፣ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ጋር የተያያዘ ትንሽ ክፍል ስለመኖሩ ጽፋለች። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 ደም ሳይቀዳ፣ ቆዳ ሳይበሳ፣ በብርሃን ብቻ የደምን ኦክስጅን የሚለካበትን የፐልስ ኦክሲሜትር መንገድ አገኘ። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያውን የክትትል ደረጃ ሲያጸድቅ በአንደኛ ተራ ያስቀመጠው ግን መሣሪያ አልነበረም፤ ሰመመኑ እስኪያበቃ ድረስ ብቃት ያለው ባለሙያ ከክፍሉ እንዳይወጣ የሚል ነበር። የኦክስጅን፣ የአተነፋፈስ፣ የደም ዝውውርና የሰውነት ሙቀት ክትትል ከዚያ በታች ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሰመመን ባለሙያዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ ያወጡት ደረጃም የሠለጠነና ንቁ ባለሙያ ሳይለይ መገኘቱን የሁሉም መሠረት አድርጎታል።

ስለ አህጉራችን የሚነገረው ቁጥር ደግሞ ዓይን ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ25 የአፍሪካ አገሮች ባሉ 247 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ተከታትሏል። ታካሚዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ፤ ተጓዳኝ ሕመማቸውም ከሌላው ዓለም ያነሰ ነበር። ያም ሆኖ የመሞት ዕድላቸው ከዓለም አማካይ ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከሞቱት ከ10 ዘጠኙ በላይ የሞቱት ከኦፕሬሽኑ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ሁሉም በትንፋሽ ሳቢያ አልሞቱም፤ የደም መፍሰስም፣ ኢንፌክሽንም አለ። ጠረጴዛው ላይ ያልሞተ ሰው አልጋው ላይ የሚሞተው ግን ምልክቱን በጊዜ ያየ ሰው ስላልነበረ እንደሆነ ለመገመት ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለውሳኔ ሰጪዎች ከሁሉ በላይ የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። እነዚሁ ተመራማሪዎች በሁለተኛው ጥናታቸው፣ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው ታካሚዎች ከኦፕሬሽን በኋላ ጠንከር ያለ ክትትል እንዲደረግላቸው ለሆስፒታሎች ነግረው ውጤቱን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው ውጤት ሞቱ አለመቀነሱን አሳየ። ሠራተኛ ሳይጨመር፣ አልጋ ሳይመደብ፣ «በደንብ ተከታተሉ» ማለት ብቻውን አልሠራም። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ ምላሽ አንድ ሰርኩላር ሆኖ እንዳይመጣ አደራ እላለሁ። ሰርኩላሩ በቢሮ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በሌሊት ታካሚው አጠገብ የሚቆም ሰው ግን ሰሌዳው ላይ አይገኝም።

ወደ መሣሪያዎቹ ልለፍ። ስለነሱ ያለው የተሳሳተ መተማመን ራሱ አደጋ ነውና።

ፐልስ ኦክሲሜትር ያለ ጥርጥር የሙያችን ታላቅ አጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥ፣ ሰመመን ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው ታካሚው ላይ መደረጉና መሥራቱ እንዲረጋገጥ የሚያዝ ነጥብ አለ። የልብ ምቱን በድምፅ ያሰማል፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁም እየወፈረ ይወርዳል። ልምድ ያለው ሰመመን ሰጪ ጀርባውን ሰጥቶ መድኃኒት እየቀዳ ሳለ በጆሮው ብቻ ዘወር ይላል። ይህን ድምፅ «አስቸገረን» ብሎ የሚያጠፋ ክፍል ዓይኑን ጠብቆ ጆሮውን እንደቆረጠ ይቆጠራል።

ነገር ግን ኦክሲሜትር የሚለካው ኦክስጅንን እንጂ መተንፈስን አይደለም። ልዩነቱ ኦክስጅን በሚሰጠው ታካሚ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ሞርፊን የከበደው ሰው በደቂቃ ስድስት ጊዜ ብቻ እየተነፈሰ፣ ኦክስጅን ስለተደረገለት ብቻ፣ 97 ሊያሳይ ይችላል። በዚያው ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደሙ እየተጠራቀመ ወደ ባሰ ድንዛዜ ይወስደዋል። ነገሩ እንደ እንስራና ምንጭ ነው፤ ኦክሲሜትሩ እንስራው ውስጥ የቀረውን ውኃ ይነግረናል፣ ምንጩ መድረቁን የምናውቀው ግን እንስራው ከጎደለ በኋላ ነው። ምንጩ አጠገብ ቆሞ የሚያየው ካፕኖግራፍ የተባለው፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ ነው። ትንፋሽ ሲቆም የካፕኖግራፉ መስመር ወዲያው ዝርግ ይሆናል፤ ኦክሲሜትሩ ግን በቂ ኦክስጅን ቀድሞ በተሰጠው ሰው ላይ ከደቂቃዎች በኋላ ነው የሚነቃው።

ይህ ልዩነት ሕይወትና ሞት የሚሆንበት አንድ ጊዜ አለ። ቱቦ ስናስገባ በስህተት ወደ ምግብ መውረጃ ሊገባ ይችላል፤ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም እጅ ያጋጥማል። ደረት ከፍ ዝቅ ያለ ይመስላል፣ በማዳመጫም የሚያሳስት ድምፅ ይሰማል፣ ኦክሲሜትሩም ለጥቂት ደቂቃ ደህና ያሳያል። ካፕኖግራፉ ግን ወዲያው ይመሰክራል፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተከታታይ ካልታየ ቱቦው በቦታው የለም ብለን እንነሳ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ብሔራዊ ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከአየር መንገድ ችግር ጋር በተያያዘ ከሞቱት መካከል ከ70 በመቶ በላይ በሆኑት ላይ ካፕኖግራፍ አለመጠቀም ለሞቱ አስተዋጽኦ እንደነበረው አሳይቷል። ያ አገር ገንዘብ ያነሰው አገር አይደለም። መሣሪያው የእኛ አቅም ላለው አገር አይመጥንም ለሚሉ ደግሞ ማላዊ መልስ አላት። ለስምንት ሆስፒታሎች 40 ካፕኖግራፍ ከሥልጠና ጋር ተሰጥቶ፣ የሰመመን ባለሙያዎቹ የተሳሳተ ቦታ የገቡ ቱቦዎችን በጊዜ ለይተው እንዳስተካከሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። እነዚያ ባለሙያዎች በአብዛኛው እንደኛው ሐኪም ያልሆኑ ሰመመን ሰጪዎች ናቸው።

አገራችንን የሚመለከቱ ሦስት ነጥቦች ልጨምር። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን የሚተነፍስ ታካሚ በሳንባው የሚይዘው መጠባበቂያ ያነሰ ነው፤ ትንፋሹ ሲቆም የሚቀረንም ጊዜ ያጥራል። በአንጻሩ «ደጋ ስለሆነ ነው» እየተባለ 86 እና 87 ሲታለፍ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ለክቶ አማካዩን 95.3 በመቶ ነው ያገኘው። ከፍታ ከኦፕሬሽን ለወጣ ሰው 86 የሚያስተሰርይ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው የቆዳ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 ባሳየበት ጊዜ እውነተኛው የደም ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አረጋግጧል። መሣሪያው የኛን ቆዳ ሲያይ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊነግረን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ 92 ያለውን እንደ መልካም ዜና ከመቀበል ታካሚውን ጠጋ ብሎ ማየት ይሻላል። ከንፈር መጥቆሩም በጥቁር ቆዳ ላይ ቶሎ አይለይም፤ የሚታየው ምላስና ድድ ነው። ጥፍር ላይ የተቀባ ቀለም ወይም ሒና ካለም ጣቱን መጥረግ፣ መቆንጠጫውን ማዞር ወይም ወደ ጆሮ መውሰድ የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛው እኛው የምንጽፈው ቁጥር ነው። የቻርቱን የትንፋሽ ዓምድ ግለጡ። በስንት ካርድ ላይ ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20 ታገኛላችሁ! የሳንባ ምች ያለበትም 20፣ ሞርፊን የወሰደውም 20። የሰው ደረት እየታየ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ የተጻፈ አይደለም። ጥፋቱን በነርሷ ላይ ብቻ መጣል አይገባም፤ አንዲት ነርስ በሌሊት የክፍሉን አልጋ ሁሉ ይዛ የሁሉንም ትንፋሽ በሐቅ ልቁጠር ብትል መድኃኒት የምትሰጥበት ሰዓት አይተርፋትም። ነገር ግን ያልተቆጠረ ቁጥር ከባዶ ሳጥን ይከፋል፤ ባዶው ይጠይቃል፣ 20 ግን ያስተኛል።

ሚኒስቴሩ እስካሁን የሠራውን አልዘነጋሁም። «ሳልትስ» የሚባለው ደኅንነቱ በተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ሕይወት የማዳን ብሔራዊ መርሐ ግብር ቀዶ ሕክምናን ከዳር ወደ መሐል አምጥቶታል። የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትሪ ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከኮቪድ ወዲህም ኦክስጅን ቀድሞ ባልነበረባቸው ክፍሎች መታየት ጀምሯል። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሠልጥነው ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በመሄዳቸው፣ ቀድሞ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዛ ትወልድ የነበረች እናት ዛሬ በወረዳዋ በቀዶ ሕክምና ትገላገላለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኦፕሬሽን የሚሠራበት ቦታ በበዛ ቁጥር ግን ከኦፕሬሽን የሚነቃበትም ቦታ እኩል መብዛት ነበረበት። ጠረጴዛውን ከፍተን አልጋውን ረሳን።

እንግዲህ የምጠይቀውን በዝርዝር ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ኦፕሬሽን የሚሠራ ሆስፒታል ሁሉ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ጋር የተያያዘ የማገገሚያ ክፍል ይኑረው፤ ሪከቨሪ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት የካርቶን ማከማቻ የሆነ ክፍል አይቆጠርም። በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ ኦክስጅን፣ ሳክሽን፣ ፐልስ ኦክሲሜትርና አምቡ ባግ ይኑር። ላልነቃ ታካሚ አንድ ባለሙያ ለብቻው ይመደብ፤ የዚያ ባለሙያ ስም በሰመመን መዝገቡ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የማገገሚያ ክፍል ነርስነት ራሱን የቻለ ሥራ ይሁን። ዛሬ ሪከቨሪ የተመደበች ነርስ ነገ ድንገተኛ ክፍል፣ ከነገ ወዲያ ክትባት ላይ ከሆነች ልምድ አይጠራቀምም። መንጋጋ ማንሳት፣ በአምቡ ባግ ማስተንፈስ፣ የሞርፊንን ኃይል የሚመልሰውን ናሎክሶን መስጠት በንባብ አይገኝም፤ ከሰመመን ሰጪው ጎን ቆሞ በእጅ የሚለመድ ነው።

ሦስተኛ፣ ታካሚው ከማገገሚያ ክፍል የሚወጣው አልጋ ስለጠበበ ሳይሆን መስፈርት ስላሟላ ይሁን። ዶክተር አልድሬቴ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጡት መለኪያ እንቅስቃሴን፣ ትንፋሽን፣ የደም ዝውውርን፣ ንቃትንና የሰውነት ቀለምን ከዜሮ እስከ ሁለት እየመዘነ ከአሥር ያሰላል፤ በኋላ ቀለሙ በኦክሲሜትር ንባብ ተተክቷል። ዘጠኝና ከዚያ በላይ ያገኘ ይወጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አራተኛ፣ ታካሚ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ ሲሄድ በባትሪ የሚሠራ ኦክሲሜትር ከጣቱ አይነቀል፤ ሰመመን ሰጪው ከራስጌው ሆኖ ይሸኘው፤ ለሚረከበው ባለሙያም በቃል ያስረክብ። የዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫ ዝርዝር የመጨረሻ ነጥብ፣ ቀዶ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪውና ነርሷ ስለ ታካሚው ማገገም የሚያሳስባቸውን እንዲነጋገሩ የሚጠይቅ ነው። ብዙ ጊዜ ታካሚው ከወጣ በኋላ ምልክት የሚደረግበት ነጥብ እርሱ ነው።

አምስተኛ፣ ቱቦ በሚገባለት ታካሚ ሁሉ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካ። ለሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ ካፕኖግራፍ ማዳረስ ካልተቻለ፣ በየዓመቱ ስንት እንደሚገዛ የሚያሳይ ዕቅድ ይውጣ፤ እስከዚያው በቀለም ለውጥ የሚያመለክቱት ቀላል መለያዎች ይቅረቡ።

ስድስተኛ፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት መሣሪያ ሲገዛ ከነመለዋወጫው ይግዛ። «ማሽኑ ደህና ነው፣ የሞተው ሽቦው ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በየሆስፒታሉ የተለመደ ነው። መቆንጠጫው በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ተጣሞ፣ በመጨረሻ ተበጥሶ፣ ሞኒተሩ ራሱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። በእርዳታ የመጣውም የሚገጥምለት ሽቦ ገበያ ላይ የለም። ለካፕኖግራፍ ቀጫጭን የናሙና ቱቦዎቹ ያልቃሉ። የባዮሜዲካል ባለሙያው ግዢው ካለቀ በኋላ ለጥገና ብቻ ከሚጠራ፣ ከጨረታው በፊት ይማከር።

ሰባተኛ፣ ከሰመመን በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት የሚሞት ሰው ሁሉ ሞቱ ይመርመር። ምርመራው ጥፋተኛ ፍለጋ አይሁን። ጥፋተኛ ሲፈለግ ካርዱ ይስተካከላል፣ ሁሉም ዝም ይላል፣ «ልቡ ቀጥ አለ» ይመለሳል። ትንፋሹ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነበር? ማን አየው? ኦክስጅን ነበር? እነዚህ ከተመለሱ የሚስተካከለው ነገር ራሱ ይወጣል። ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ነውና ምርመራው ሰዎቹ ሳይረሱት፣ በዚያው ሳምንት ይሁን።

«ሰው የለንም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ በሌሊት አንድ ሰመመን ሰጪ ብቻ በሚያድርበት ሆስፒታል አንዷ እናት ሳትነቃ ሌላዋ ደም እየፈሰሳት ትመጣለች። ያን ጊዜ ባለሙያው ሁለቱን በአንድ እጅ መያዝ አለበት፤ የትኛዋን እንደሚተው የሚመርጠውም ብቻውን ነው። እኔ የምለው ግን ይህ ምርጫ በሌሊት፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይውደቅ ነው። ተጠባባቂ ይመደብ፣ የትርፍ ሰዓቱ ይከፈል፣ ካልሆነም አስቸኳይ ያልሆነው ኦፕሬሽን ይዘግይ። የነገው ወረፋ መርዘሙ ያሳፍራል፤ የዛሬው ታካሚ ሳይነቃ መቅረቱ ግን ከማሳፈርም ያልፋል። የግል ሆስፒታሎች ባለቤቶችም ከዚህ አይወጡም፤ ለሆቴል የሚመጥን የእንግዳ መቀበያ ሠርተው የማገገሚያ አልጋ የቆጠቡ አሉ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለአስታማሚዎችም ጥቂት ልበል። ሰው ለኦፕሬሽን ስታስተኙ «ሲነቃ ማን አጠገቡ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ወደ ክፍል ከተመለሰ በኋላ ማንኮራፋት ከጀመረ፣ ሲጠሩት ካልመለሰ፣ ምላሱ ወይም ድዱ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ በጣም ከዘገየ «ይተኛ» ብላችሁ አትለፉት፤ ነርሷን ጥሩ፣ ካልመጣች ደግማችሁ ጥሩ። ፊቱን በጋቢ ወይም በነጠላ አትሸፍኑት። ሳይፈቀድ ውኃም ሆነ አጥሚት አትስጡት፤ ጉሮሮው ካልነቃ ወደ ሳንባው ይገባል። እናንተ ግን የነርስ ምትክ አይደላችሁም፤ ይህን ማለቴ ሥራውን ወደ እናንተ ለማዞር አይደለም።

ክቡራንና ክቡራት፣ ከሚቀጥለው የበጀት ድልድል በፊት ለእያንዳንዱ ሆስፒታል ሦስት ጥያቄ ላኩ። ትናንት ሌሊት ኦፕሬሽን የተሠራለት ታካሚ እስኪነቃ አጠገቡ የነበረው ማን ነው? በማገገሚያ ክፍላችሁ ዛሬ ጠዋት የሚሠራ ስንት ኦክሲሜትር አለ? ባለፈው ወር ቱቦ ከገባላቸው ታካሚዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተለካላቸው ስንቶቹ ናቸው? መልሶቹን በየሆስፒታሉ ስም ለሕዝብ ይፋ አድርጉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ስም መጥራት ያልቻለ ሆስፒታል፣ ስም መጥራት እስኪችል ድረስ፣ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና አይሥራ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሰመመን ባለሙያ